መስታወት ያስገባውን፣ ኤሲ ሲያወጣው

ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ወጣቶች ወገባቸውን በገመድ ታስረው ከበረንዳዬ ጎን ያለውን ግድግዳ ይበሱ ጀመር። የምኖርበት አፓርታማ በካዛንቺስና በስታዲየም መካከል ነው፤ ሰባተኛ ፎቅ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ የሰጠ። አጠገቤ ያሉት እማማ፣ ልጃቸው ከውጭ በላከላቸው ገንዘብ፣ ለሳሎናቸው ኤሲ እያስገጠሙ ነበር። «ልጄ፣ ቤቱ እኮ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው» አሉኝ፤ ደም ግፊት አለባቸው፤ ምን ብዬ ልመልስ? የውጭው ሣጥን የሚቀመጥበት ብረት ልብስ ከማሰጣበት ገመድ ክንድ ያህል እንኳ አይርቅም። «ጋሼ አይረብሽዎትም፤ ድምፁ እንደ ፍሪጅ ነው» አለኝ አንደኛው ወጣት። አልዋሸም፤ ድምፁ አልረበሸኝም። የረበሸኝ ትንፋሹ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረንዳዬ ላይ መቆም፣ የሰማ ምጣድ ሲከፈት ፊትን ደቅኖ እንደ መቆም ሆኗል።

ይህች ከተማ የጋቢ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አያቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው በከፈሉት መሠረት በወይና ደጋውና በደጋው ድንበር ላይ ማለት ነው። ሙቀቱ በሚበረታባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት እንኳ የቀትሩ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ሃያ አምስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ፀሐይ ስትገባ ደግሞ አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ሌሊቱን ብርድ ልብስ የማይለብስ የለም። በእርግጥ አገሩ እየሞቀ ነው፤ ባለፉት ስልሳ ዓመታት የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከአንድ ዲግሪ በላይ ጨምሯል፤ የከተማዋ አስፋልትና ሲሚንቶም የራሳቸውን ጨምረውበታል። ይህ ሁሉ ታክሎበትም ግን የአዲስ አበባ የውጭ አየር፣ ካይሮ ወይም ጂቡቲ ያለ ሰው ገንዘብ ከፍሎ በማሽን የሚያመርተው አየር ነው። እኛ ያንኑ አየር መስኮት ዘግተን ውጭ እናስቀርና ሌላ ለማምረት ማሽን እንገዛለን።

ታዲያ የእማማ ሳሎን ለምን ምድጃ ሆነ? ቤታቸውን የሚያሞቀው አየሩ አይደለም፤ መስታወቱ ነው። የፀሐይ ብርሃን በመስታወት በኩል ሰተት ብሎ ይገባል፤ ወለሉንና ሶፋውን ያሞቃል፤ ከሞቀው ሶፋ የሚወጣው የሙቀት ጨረር ግን መስታወቱን አልፎ መውጣት አይችልም። ዝዋይ ላይ በግሪንሃውስ ውስጥ ጽጌረዳ የሚያለማውም ተመሳሳይ ብልሃት ነው። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ተራ መስታወት፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ፣ ጥርት ባለ የሚያዝያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ 3 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት ወደ ክፍሉ ያስገባል። ቁጥሩ ለማይታየው ሰው፣ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ሲሰማ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ስለዚህ የእማማ ሳሎን ውስጥ ከሰዓት በኋላ በየቀኑ አንድ የማይታይ ምጣድ ተጥዶ ይውላል።

የዚህን ነገር ሥር ለማግኘት ካርታ ማየት ይበቃል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናት ብዙ አትርቅም፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ቀጥ ብላ ከላይ ትቆማለች። ከአናት የምትወርድ ፀሐይ ግድግዳን አትመታም፤ ጣሪያን ነው የምትመታው። ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያዞረ መስኮት ከላዩ ትንሽ ጥላ ቢደረግለት ፀሐይ አይገባበትም። ችግሩ ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ በአግድም የሚመጣው ብርሃን ነው። የቸርችል ጎዳናን ተመልከቱ፤ ከለገሃር ተነስቶ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። በግራና በቀኙ የሚሠራ ሕንፃ ፊቱን ወደ መንገዱ ሲሰጥ ወይ ምሥራቅን ወይ ምዕራብን ያያል። ባለቤቱ ደግሞ መስታወቱን የሚያለብሰው የት ነው? መንገደኛ እንዲያይለት፣ በመንገዱ በኩል። ፀሐይ በማይበረታባቸው ጎኖቹ፣ በሰሜንና በደቡብ በኩል፣ ሲሚንቶ ግድግዳና የመጸዳጃ ቤት ጠባብ መስኮት ይቀራል። ሕንፃው ልብሱን ገልብጦ እንደ ለበሰ ሰው ነው።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም ማለት ትዝታ ብቻ አይደለም። በፒያሳና በአራት ኪሎ የነበሩት፣ አንዳንዶቹም ዛሬ ድረስ የቆሙት፣ ባለ ሰገነት የእንጨትና የጭቃ ቤቶች መስኮታቸው ከሰፊ በረንዳ ኋላ የተደበቀ ነው። ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይመሻል። የኋለኞቹ የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ሰው ስንት ነገር ያማቸዋል፣ ቢያንስ መስኮታቸው ይከፈታል፤ ደረጃቸውና ኮሪደራቸው ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ወዳጄ ቤቱ ውስጥ ስለ ብርድ እንጂ ስለ ሙቀት ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ኤሲ የሚፈልጉት ዋጋቸው የትየለሌ የሆነው አዳዲሶቹ አፓርታማዎች ናቸው።

ለሰው ማዘንም ተገቢ ነው። «መስኮትህን ክፈት» ማለት ቀላል ነው። በማዕከላዊው አዲስ አበባ መስኮት ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ብቻ አይደለም፤ ከግንባታው የሚነሳው አቧራ፣ ከታች ያለው የካፌ ጄኔሬተር ጭስ፣ የምሽቱ ሙዚቃ አብረው ይገባሉ። አንዳንዱ ሕንፃ ደግሞ ገና ሲሠራ መስኮቱ እንዳይከፈት ሆኖ የተገጠመ ነው። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ያለ ሰው ኤሲ የሚገዛው ቅንጦት አምሮት ሳይሆን አማራጭ አጥቶ ነው። ጥፋቱ የተሠራው ንድፉ ወረቀት ላይ ሲሰመር ነው።

እንስራና አረቄ

ኤሲ ቅዝቃዜ የሚፈጥር ማሽን ይመስለናል። አይፈጥርም፤ ሙቀት ተሸካሚ ነው። አሠራሩን ከእናቶቻችን ጓዳ መረዳት ይቻላል። እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ሰርጎ ወጥቶ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። አረቄ ሲወጣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ወደ ተከበበው ማጠራቀሚያ ገብቶ ፈሳሽ ሲሆን ሙቀቱን ለውኃው ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ውኃው ቶሎ ቶሎ የሚለወጠው። ኤሲ ሁለቱን በአንድ የመዳብ ቱቦ ያገናኛቸዋል። በቤት ውስጥ ባለው ክፍሉ ጋዙ እንደ እንስራው ውኃ ይተናል፤ የሳሎኑን ሙቀት ይቀበላል። ውጭ ባለው ሣጥን ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፤ እንደ አረቄው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ሙቀቱንም ለጎረቤት ያስረክባል።

በነገራችን ላይ ዘመናዊው ማሽን የተወለደው ለሰው ታስቦ አይደለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ንድፉን የሠራው በኒውዮርክ ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ነበር፤ በእርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እያበጠና እየተኮማተረ የቀለም ኅትመቱ አልገጥም ብሎ ስላስቸገረ። ሰው የወረቀቱን ምቾት የተጋራው ቆይቶ ነው።

ወደ ሒሳባችን እንመለስ። በገበያ በብዛት የሚገኘው 12,000 ቢቲዩ የሚባለው የቤት ኤሲ፣ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 3.5 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ከክፍሉ ያወጣል። ይህን ለማድረግ ራሱ 1 ኪሎዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል። የበላውም ኤሌክትሪክ ሙቀት ሆኖ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ከውጭው ሣጥን የሚተፋው ከ4 ኪሎዋት በላይ ነው። መስታወቱ አንድ ምጣድ አስገባ፤ ኤሲው ምጣዱን ከነትርፉ አንስቶ እኔ በረንዳ ላይ ጣደው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና እማማ አላጠፉም። አሁን ግን የእኔ ቤት ከወትሮው ይሞቃል፤ ቀጥሎ ኤሲ የሚያስገጥመው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

አንድ ሣጥን ከተማ አያሞቅም፤ ነፋስ ይወስደዋል። ሕንፃ ከሕንፃ ተጠጋግቶ በቆመበት፣ ነፋስ በማይገባበት ጠባብ መተላለፊያ ሠላሳና አርባ ሣጥን ሲደረደር ግን ነገሩ ይለወጣል። ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ የበረሃ ከተማ ፊኒክስ ላይ ባደረጉት ስሌት፣ ከኤሲ የሚወጣው ሙቀት ብቻውን በአንዳንድ ሰፈሮች የሌሊቱን አየር ከአንድ ዲግሪ በላይ እንደሚያሞቅ አሳይተዋል። እኛ ፊኒክስ አይደለንም፤ እንዳንሆንም ከፍታችን ይጠብቀናል። ነገር ግን ከሕንፃዎቻችን ኋላ ያለውን የሣጥን ግድግዳ ቀና ብሎ ያየ ሰው አካሄዱ ወዴት እንደሆነ ይገባዋል።

መብራቱ ንጹሕ ነው፤ ታዲያስ?

በሌላው ዓለም ስለ ኤሲ ጉዳት ሲጻፍ የመጀመሪያው ተከሳሽ ኤሌክትሪክ ነው። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኤሲና ማራገቢያ ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ አንድ አሥረኛውን እንደሚወስዱ፣ በወቅቱ 1.6 ቢሊዮን የነበረው የኤሲ ብዛትም እ.ኤ.አ. በ2050 ወደ 5.6 ቢሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ገምቷል። ያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ የሚመነጭ ስለሆነ ክሱ ይጸናል። እዚህ ሲደርስ ግን የአዲስ አበባ ሰው ደረቱን ነፍቶ «የእኛስ ከውኃ ነው» ማለት ይችላል። እውነት ነው። ከዋናው መስመር የምናገኘው ኃይል ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእንፋሎት ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ይህን ክርክር ከውጭ ጽሑፍ እንዳለ ገልብጠው «ኤሲህ ከሰል ያነዳል» የሚሉን ሰዎች ስለዚህ ተሳስተዋል። ነገር ግን ንጹሕ ማለት ነጻ ማለት አይደለም። የእማማ ኤሲ በቀን ለስድስት ሰዓት ቢሠራ በወር ወደ 180 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ ኃይሉን እንደ ፍላጎቱ የሚቀንስ ኢንቨርተር ያለው ቢሆን ዝቅ ይላል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚጋገርበት ምጣድ በወር 60 ያህል ነው። አንድ ሳሎን ለማቀዝቀዝ የሦስት ቤት እንጀራ እንደ ማለት። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ገደማው ገና ከዋናው መስመር መብራት ባላገኘበት፣ እናቶች በጭስ ዓይናቸው እየፈሰሰ በእንጨት በሚጋግሩበት አገር፣ ይህ ኃይል ሌላ የሚሄድበት ቦታ አጥቶ የተረፈ አይደለም። ለጂቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያም እንሸጠዋለን። እዚህ የባከነ ኪሎዋት እዚያ የናፍጣ ጄኔሬተር ማጥፋት ይችል ነበር።

የወቅቱም ነገር አለ። አዲስ አበባ የሚሞቃት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ክረምቱ ካለፈ ብዙ የራቀበት፣ ቀጣዩ ገና ያልደረሰበት፣ ግድቦች ውኃቸው የሚቀንስበት ጊዜ። ግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ውኃ ሲጎድል መብራት በፈረቃ መሆኑን የረሳ ያለ አይመስለኝም፤ ለጂቡቲ የሚላከውም ተቋርጦ ነበር። የሕዳሴ ግድብ ሰፊ ማጠራቀሚያ ይህን ስጋት በእጅጉ አቅልሎታል። የሰፈር ትራንስፎርመርን ግን አላሰፋም። ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለምጣድ ተብሎ የተተከለ ትራንስፎርመር ላይ ሃምሳ ኤሲ ሲጨመርበት መጀመሪያ የሚደክመው እሱ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ንጹሑ ታሪክ ያበቃል። አንድ ሊትር ናፍጣ በሕንፃ ጄኔሬተር ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለቃል። ከቤት ውስጥ ኤሲው አየሩን ሲያጠራ፣ ከታች ጄኔሬተሩ ያንኑ አየር ያጠቁራል፤ ከዚያ «ጭስ ስለሚገባ» መስኮት ይዘጋል፤ መስኮት ስለተዘጋ ኤሲ ይከፈታል።

የታሪፉን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚወደድበት ደረጃ አለ፤ ደረጃው ራሱም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው። ካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ይህን ለማወቅ ጋዜጣ አያስፈልገውም።

«ጋዙ አልቋል»

በእኔ እምነት የአዲስ አበባ ኤሲ እውነተኛ ዕዳ ያለው መብራቱ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፤ የሚታየውም እዚህ ላይ ያነሰ ነው። ጋዙ አይታይም፤ አይሸትም፤ ሲወጣም «ሽሽ» ከማለት በቀር ምልክት የለውም።

ከቋንቋው እንጀምር። ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያው ይነካካና «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ» ይላል። እኛም እንደ ቡታጋዝ ሲሊንደር ቆጥረነው እሺ እንላለን። የኤሲ ጋዝ ግን አያልቅም። አይቃጠልም፤ አይበላም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ እየተነነና ፈሳሽ እየሆነ የሚዞር ነው። ጎደለ ማለት ሾልኳል ማለት ነው፤ ሾልኳል ማለት ደግሞ ቱቦው የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ መሙላት በሚያፈስ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። ቀድሞ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በስብሰባ አዳራሻችን ያለው ኤሲ በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት «ጋዝ ይሞላ» ነበር። አራት ዓመት ስኖር አራት ጊዜ ተሞላ። ቀዳዳው የት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ይህ ምን ያህል ያስጨንቃል? ለረጅም ጊዜ ዋነኛ የነበረው አር-22 የተባለው ጋዝ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ሽፋን የሚጎዳ ነው። እሱን የተካው አር-410ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን አንድ ኪሎው ወደ አየር ሲለቀቅ ምድርን በማሞቅ ረገድ በመቶ ዓመት ሒሳብ 2,088 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይተካከላል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። የአንድ ቤት ኤሲ የሚይዘው አንድ ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለቅ በመሆኑ፣ ያ አንድ ኪሎ ጋዝ ማለት ዘጠኝ መቶ ሊትር ቤንዚን ማንደድ ማለት ነው። በሌላ መለኪያ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከመሳሰለው የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመት ከሩብ ቶን በታች ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ሽሽ» ብሎ የወጣው ጋዝ ከስምንት ሰው የዓመት ድርሻ ይበልጣል። የዚያ አዳራሽ ኤሲ በአራት ዓመት ያፈሰሰው በዚህ ሒሳብ ስንት እንደሆነ ሳስበው አንገቴን እደፋለሁ።

አሁን አሁን የሚመጡት አዳዲስ ማሽኖች በብዛት አር-32 የያዙ ናቸው፤ ጉዳቱ በዚያው መለኪያ 675 ነው፤ ማለትም ሲሦ ያህል፤ የሚያስፈልገው መጠንም ያንሳል። ከሁሉም የተሻለው አር-290 ነው፤ እሱ ተራ ፕሮፔን ሲሆን ጉዳቱ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እምብዛም አይርቅም። ጣጣው ተቀጣጣይ መሆኑ ነው። ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ ቱቦ የሚበይድ ሰው እጅ ላይ አይጣልም። ስለዚህ ጥያቄው ከማሽኑ ይልቅ ወደ ባለሙያው ይመለሳል፤ የጋዝ መሰብሰቢያ መሣሪያና ቱቦውን ከአየር ባዶ የሚያደርግ የቫኪዩም ፓምፕ ይዞ ነው የሚመጣው ወይስ መፍቻና ሲሊንደር ብቻ? እማማ ቤት የመጡት ወጣቶች ጎበዞች ነበሩ፤ መብሻ፣ መፍቻ፣ ገመድና ሲሊንደር ነበራቸው። ሌላ ነገር አላየሁም። ልወቅሳቸው አልችልም፤ ያንን መሣሪያ ይዞ ለመጣ ሰው ተጨማሪ የሚከፍል ደንበኛ ከሌለ ማን ገዝቶ ይሸከመዋል?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ማርዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮላንድ የማቀዝቀዣ ጋዞች ኦዞንን እንደሚያሳሱ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ፤ ሁለቱ ሳይንቲስቶች ከፖል ክሩትዘን ጋር በ1995 ኖቤል ተሸለሙ። በዚህ ፕሮቶኮል መሠረት እንደ እኛ ያሉ አገሮች አር-22ን የመሰሉ ጋዞችን ፍጆታ እ.ኤ.አ. በ2025 በ67.5 በመቶ መቀነስ፣ በ2030 ደግሞ ለነባር ማሽኖች ጥገና ከሚተው ጥቂት በቀር ማቆም አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በምሥራቅ አፍሪካዊቷ ሩዋንዳ ርዕሰ ከተማ የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ ደግሞ አር-410ኤን የመሰሉትን ተከትሏል፤ ኢትዮጵያ ባለችበት ምድብ ፍጆታው እ.ኤ.አ. በ2024 ባለበት ይቆማል፣ በ2029 በ10 በመቶ፣ በ2035 በ30፣ በ2045 በ80 በመቶ ይቀንሳል። በዓለም ደረጃ በአግባቡ ከተፈጸመ እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ እስከ ግማሽ ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስቀራል ተብሎ ይታሰባል፤ ለአንድ ስምምነት ይህ ትልቅ ነው። አገራችንም ኦዞን አሳሽ ነገሮችን የምትቆጣጠርበት አዋጅ ቁጥር 716 አላት።

አዋጁ ሲሊንደሩን በጉምሩክ በር ላይ ሊያገኘው ይችላል። ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ በገመድ የተንጠለጠለ ወጣት ቫልቭ ሲከፍት ግን አያየውም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ ጭስ የሚታይ ነገር ነውና ክልከላው ለሁሉም ይገባል። የማይታየውን ጋዝ በተመለከተ ግን የባለሙያ ፈቃድና ሥልጠና፣ ያረጀ ኤሲ ሲነሳም ጋዙን የሚረከብ ሰው መኖር ከማንኛውም የአየር ንብረት ስብሰባ ይልቅ ይህችን ከተማ ይጠቅማታል ብዬ አስባለሁ።

ጥላ

ከፍታውም የራሱን ቀረጥ ይጠይቃል። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሣጥኑ ማራገቢያ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አቅም አዲስ አበባ ሲደርስ ይቀንሳል፤ ሻጩ ይህን ሲነግረኝ ሰምቼ አላውቅም።

ለኤሲ ጠበቃ ብሆን ግን የማነሳው አንድ ጥሩ ነጥብ አለ፤ እሱም ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማሽኑን ገልብጦ ቢያሞቁበት፣ በአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ያህል ሙቀት ከውጭ ሰብስቦ ያስገባል። ተራው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከአንዱ አንድ ብቻ ነው የሚሰጠው። ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ ከመተኛት ጋር ደግሞ አይወዳደርም፤ ያ ሰው ይገድላል። ለእማማ ዓይነቱ አዛውንት አዲስ አበባ ላይ ኤሲ የሚያስፈልገው በሚያዝያ ሳይሆን በነሐሴ ሊሆን ይችላል።

ለሚያዝያው መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ የሚያኮራ ስላልሆነ ብቻ ነው የሚናቀው። ፀሐይዋን መስታወቱን ሳትነካ ውጭ ላይ ማስቆም። ከመስታወቱ በስተ ውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ፣ ውድም ቢሆን፣ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነው የሚቀበለው፤ እሱ ራሱ ይሞቅና ክፍሉን ያሞቃል። ያው መጋረጃ ከመስታወቱ በስተ ውጭ ቢሆን ሙቀቱን ነፋስ ይወስደዋል። ከዚያ ሌሊቱን መስኮት ከፍቶ ቀዝቃዛውን አየር ለግድግዳውና ለወለሉ ማጠጣት፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መዝጋት። በሌሊትና በቀን መካከል ይህን ያህል የሙቀት ልዩነት ያላት ከተማ ለዚህ የተፈጠረች ናት፤ አቧራውም ሌሊት ይቀንሳል። በዚህ ላይ 50 ዋት የሚበላ ማራገቢያ ቢጨመርበት ወሩን ሙሉ የሚወስደው ኤሲው በአንድ ቀን ተኩል የሚበላውን ነው። በውኃ ትነት የሚያቀዘቅዝ ማሽንም ለበጋው ደረቅ አየር ይስማማ ነበር፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ባልዲውን ለማራገቢያ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

እኔም ይህን ሁሉ ካሰላሁ በኋላ ሚያዝያ ላይ መርካቶ ወርጄ የቀርከሃ መጋረጃ ገዛሁ፤ በበረንዳዬ ጣሪያ ላይ፣ በስተ ውጭ፣ ሰቀልኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎኔ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 26 ላይ ቆመ፤ ከዚያ በፊት ሠላሳ ያልፍ ነበር። ለዐሥራ ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ከረምኩ። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ከሕንፃው የነዋሪዎች ኮሚቴ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ መጋረጃው የሕንፃውን የፊት ገጽታ ስለሚያበላሽ በሦስት ቀን ውስጥ እንዳነሳው ይጠይቃል። ሊቀ መንበሩን አግኝቼ የእማማን ሣጥን አሳየሁት። «እሱማ ዕቃ ነው፤ ያንተ ግን ቀርከሃ ነው» አለኝ።

አሁን መጋረጃው ከመስታወቱ በስተ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ያምራል፤ ቴርሞሜትሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ 29 ያሳያል። በረንዳ ላይ ልብስ ላወርድ ስወጣ ሣጥኑ ከጎኔ ያንጎራጉራል። ወጣቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ በሣጥኑ ጎን የለጠፉት ወረቀት እስከ ዛሬ አልተላጠም፤ አንድ ስልክ ቁጥርና ሁለት ቃል ነው ያለበት፦ «ጋዝ እንሞላለን»።